እባክህ ውሃውን አታፍስሰው

የውሃውን ግፊት የሚለካው ጌጅ ቀስት ዜሮ ላይ ወደቀ።

ሩሽዲ ዓይኑን ማመን አቃተው። ከአንድ ደቂቃ በፊት ይኸው ቀስት አምስት ባር ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር። ከመንገዱ የውሃ መቅጃ፣ ከሃይድራንቱ፣ ተነስቶ ወደ እሳት አደጋ መኪናው ፓምፕ የሚገባው ወፍራም ቱቦም ውሃ ሞልቶት በእግር ሲነካ እንደ ድንጋይ ጠንካራ ነበር። አሁን በጫማው ጫፍ ሲረግጠው እጥፍ አለለት። ፓምፑም ጠጠር የዋጠ ይመስል መንገራገጭ ጀመረ።

ስድስት ዓመት ሙሉ ፓምፕ ላይ ቆሟል። እንዲህ ደንግጦ ግን አያውቅም።

መኪናው ይዞት የመጣው ሁለት ሺህ ሊትር አልቆ ወደ ሃይድራንቱ ያዞረው ገና አሁን ነው። እንደ ሥርዓቱ ነው የሠራው። መጀመሪያ የመግቢያውን ቫልቭ ከፈተ፤ ከዚያ የታንከሩን ዘጋ። ውሃው ግን እፍኝ ያህል መጣና ቀረ። የሚቃጠለው ቤት ደግሞ የማንም ቤት አይደለም። ስፋክስ ከተማ ውስጥ ልጁን የሚድር ሁሉ ጨርቅ የሚገዛበት የሲ ሙኽታር ቤት ነው፤ ታች መጋዘን፣ ላይ መኖሪያ። ጭስ ያፈናቸው ሲ ሙኽታር ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቀርተዋል። ሊያወጣቸው የገባው የሩሽዲ የልብ ጓደኛ ፈቲ ነው፤ ደረጃው ላይ በአንድ እጁ የጎማውን አፍ ይዞ እሳቱን እየመታ፣ በሌላው ሽማግሌውን ደግፎ ይወርዳል። ባዶ እግሯን መንገድ ላይ ቆማ ሁለት እጇን አፏ ላይ የጫነችው ልጅ ደግሞ ኤምና ናት፤ የሲ ሙኽታር አንድያ ልጅ። ሩሽዲ በዚህች ልጅ ፍቅር ሰባት ወር እንቅልፍ አጥቷል።

በሬዲዮው የፈቲ ድምፅ መጣ። «ሩሽዲ! ወንድሜ፣ ውሃው ሄደብኝ! ኧረ ውሃ!»

ሩሽዲ ምን እንደሆነ ገባው። ውሃው ቆሞ ሲለካ ሙሉ ግፊት ካሳየና ሲፈስ ከጠፋ፣ ከመሬት በታች ያለው የመንገዱ ቫልቭ በከፊል ተዘግቷል ማለት ነው። ቱቦ ሊጠግኑ የመጡ ሰዎች መልሰው መክፈቱን ረስተውት ይሆናል። ይህን ማወቅ የነበረበት ሰው ግን አንድ ነው፤ እሱም ሩሽዲ ራሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሩሽዲ በየወሩ በሞተር ብስክሌቱ እየዞረ የሰፈሩን ሃይድራንቶች ይመረምራል። ካርዱ ላይ የሚሞላ ሁለት ሣጥን አለ፤ አንዱ ውሃው ቆሞ ያለው ግፊት፣ ሌላው ውሃው ሲፈስ ያለው ግፊት። ሁለተኛው ነው ቁም ነገሩ። ውሃም እንደ ሰው ነው፤ ቆሞ ሲታይ ማን ጀግና ያልሆነ አለ?

የመጀመሪያው ወር በደንቡ መሠረት ሃይድራንቱን ከፍቶ ለቀቀው። መንገዱ ቁልቁለት ነውና ውሃው ተንደርድሮ የሲ ሙኽታርን ደፍ ተሻገረና አንድ ጥቅል የሙሽራ ሐር አበሰበሰ። ሽማግሌው ጮኸው ወጡ። «አንተ የቀርቀና ልጅ! ባሕራችሁን ተሸክመህ ቤቴ ድረስ ታመጣብኛለህ?» አሉት፤ ከደሴት የመጣ መሆኑን ከአነጋገሩ አውቀው። ከኋላቸው መጥረጊያ ይዛ የወጣችው ልጅ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሩሽዲ የተያዘው በዚያች ቅጽበት ነው።

በሁለተኛው ወር፣ ከመስኮቷ ለዳቦ ሻጩ በገመድ የምታወርደው ዘንቢል እሱ ራስ ላይ ደርሶ ቆመ። ውስጡ የታጠፈ ወረቀት ነበር።

«ሩሽዲ፣ ስምህን ከዳቦ ሻጩ ጠይቄ ነው ያወቅሁት፤ ደፋር አትበለኝ። እባክህ ስትመጣ ውሃውን አታፍስሰው። አባቴ የውሃ ድምፅ ሲሰማ ይወጣል። እሱ ከወጣ ደግሞ እኔ መስኮት ላይ መቆም አልችልም። ውሃው ዝም ካለ ግን አሥር ደቂቃ ሙሉ አይሃለሁ። አሥር ደቂቃ ላንተ ትንሽ ነው? እኔን ወር ያሻግረኛል።»

ከዚያ ወዲህ ውሃውን አላፈሰሰም። ጌጁን ይገጥማል፣ አምስት ባር ያነባል፣ ቀና ብሎ አሥር ደቂቃ ሙሉ መስኮቱን ያያል። ሁለተኛው ሣጥን ውስጥ ከራሱ አፍልቆ «አራት» ብሎ ይጽፋል። ስድስት ወር፣ ስድስት ጊዜ አራት። ማንንም የሚጎዳ አልመሰለውም። የወደደ ሰው እንዲህ ነው፤ ዓይኑ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያየው።

ከሦስት ሳምንት በፊት አጎቱ ሽማግሌ ሆኖ ሄዶ ነበር። ሲ ሙኽታር ሻይ እንኳ ሳያቀርቡ መለሱት። «ልጄን ባሕር ውስጥ ገንቦ ጥሎ ኦክቶፐስ ለሚያጠምድ ሰው ልጅ? ስፋክስ ውስጥ ወንድ አለቀ እንዴ?» ይህም ቃል በአንድ ቀን ሰፈሩን አዳረሰ።

አሁን እጁ የነዳጅ መስጫው እጀታ ላይ ነው። ልቡ ጨምር፣ ጨምር ይለዋል። ሙያው ደግሞ ሌላ ይለዋል። ፓምፕ ያልመጣለትን ውሃ ከየትም አይወልድም። በግድ ቢስብ ቱቦው ጨርሶ ይጣበቅና ጠብታም አይገኝም። ካለው ላይ ትንሽም ቢሆን ሳይቋረጥ ለፈቲ እንዲደርሰው መቀነስ አለበት።

ቀነሰ። የሞተሩም ድምፅ ዝቅ አለ።

መንገዱን የሞላው ሰው አንድ ላይ ጮኸ። «ኧረ እየዘጋው ነው! ሰው ውስጥ እያለ!» አጠገቡ ያለው የክርና የአዝራር ሱቅ ባለቤት ድምፁን ከሁሉ በላይ ከፍ አደረገ። «ልጃቸውን ስለከለከሉት ነው! እየተበቀላቸው ነው፣ ወላሂ!»

ሩሽዲ ደነዘዘ። እንዲህ ያለ ነገር በሰው አእምሮ ይመጣል ብሎ አስቦ አያውቅም። ቀና ሲል ኤምና እያየችው ነው። በስድስት ወር ውስጥ እንዲያ አይታው አታውቅም። የማታውቀው ሰው የቤቷን በር ከፍቶ ሲገባ ያገኘችው ይመስል ነበር።

ሰዉን ገፍታ መጣች። «ሩሽዲ፣ እውነት ነው?»

ለማስረዳት ጊዜ የለም። ፓምፑንም ትቶ መሄድ አይችልም፤ ባለፓምፕ የእናቱ ሬሳ ቢያልፍ እንኳ ከጌጁ ፊት አይነሳም። የቡድኑ አለቃ በሽርና ሌሎቹ ሁለት እሳት አጥፊዎች በጓሮ በኩል መሰላል እያቆሙ ነው። ከመኪናው ጎን ረጅሙን ባለመስቀል የቫልቭ መክፈቻ ቁልፍ መንጭቆ አወጣና ዘረጋላት።

«ዳቦ ቤቱ በር ፊት ክብ የብረት ክዳን አለ። ክፈቺው! ይሄን አስገቢና ወደ ግራ አዙሪ፣ እምቢ እስኪል ድረስ አዙሪ! ውሃው ታስሯል ኤምና! አባትሽ ውሃ የሚያገኙት ከዚያ ነው!»

አንድ ትንፋሽ ያህል ቆመች። ዓይኗ ከእሱ ወደ ዝቅተኛው የሞተር ድምፅ፣ ከዚያ ወደ ጭሱ ሄደ። ሰዉ «አትመኚው!» ይላል። ሩሽዲ ይህን ሁሉ ዘመን የጠበቀው መልስ በዚያች ትንፋሽ ውስጥ እንደነበረ በኋላ ነው የገባው። ኤምና ቁልፉን ነጥቃው ሮጠች።

ሲታይ የነበረው ጀርባዋ ብቻ ነው። ዳቦ ጋጋሪው ዱቄት እንደ ለበሰ ወጥቶ ክዳኑን አነሳላት፤ ሁለት ሆነው ቁልፉ ላይ ተንጠለጠሉ። አልነቃነቅ አላቸው፤ ከዚያ ተነቃነቀ። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር። ሩሽዲ ከጌጁ ላይ ዓይኑን አልነቀለም። «ያ ረቢ» እያለ አምላኩን ይጠራል፤ ሌላ ቃል ከአፉ አይወጣም።

ቀስቱ ተንቀጠቀጠና ተነሳ። አንድ ባር። አንድ ተኩል። ቱቦው እግሩ ሥር ተነፋ፣ ተወጠረ። ሦስት። ነዳጁን በአንድ ጊዜ መስጠት አማረው፤ ግን ድንገት የሚመጣ ግፊት የጎማውን አፍ የያዘውን ሰው ከደረጃው ላይ ይወረውረዋል። እየቆጠረ፣ ቀስ እያለ ጨመረ። መውጫው ሰባት ባር ሲደርስ ሬዲዮውን ከፈተ።

«ፈቲ! ውሃ አለህ! ፈቲ፣ ስማኝ!»

መልስ የለም። ሩሽዲ ሬዲዮውን ጆሮው ላይ ለጥፎ ቆየ። ያ ዝምታ ከእሳቱ ይልቅ አስፈራው።

ከዚያ በሩ ውስጥ ነጭ እንፋሎት ሞላ፤ ከእንፋሎቱ ውስጥ ፈቲ ወጣ። ሲ ሙኽታርን እንደ ሙሽራ በሁለት ክንዱ ታቅፏቸዋል። ጭንብሉን ለሽማግሌው አጥልቆላቸዋል። ውሃ በጠፋባቸው ጊዜ በላያቸው ተኝቶ ሸፍኗቸው ነበርና የጀርባው ልብስ የለም፤ ጓንቱም ከእጁ ጋር ተጣብቋል። አለቃ በሽር ሽማግሌውን ከእጁ ሲቀበል ፈቲ ወደ ፓምፑ ዞሮ ፈገግ አለ። የዚያን ሰው ቀልድ እሳትም አያቃጥለውም።

«የት ጠፍተህ ነው አንተ ደሴተኛ? መስኮት ስታይ?»

ብሎት ወደቀ።

ለቀልድ ነው ያለው፤ ስለ ካርዱ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ሩሽዲ ግን ከፓምፑ ጋር ተጣብቆ ቀረ፤ እሳቱ ጠፍቶ እንኳ እጁን ከእጀታው ላይ ያላቀቁለት ጓደኞቹ ናቸው።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተቀምጠዋል። ሲ ሙኽታር ብርድ ልብስ ለብሰው፣ ጢማቸው ግማሹ ተለብልቦ፣ አግዳሚው ላይ ናቸው። ኤምና የእግሯ ጥፍር ተነስቶ በፋሻ ታስሯል። ፈቲ ከፊታቸው ካለው ነጭ በር ኋላ ነው።

አለቃ በሽር መጥቶ የሩሽዲን ትከሻ ያዘ። «ሲ ሙኽታር፣ ይህን ልጅ ይዩት። ካርዱን አሁን አይቼ መጣሁ፤ ከሳምንት በፊት መርምሮት አራት ባር ይፈስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው ያ ቫልቭ የተነካው። የዘጉት ሰዎች ይጠየቃሉ። እሱ ባይነቃ ኖሮ ዛሬ ሁለት ሬሳ ነበር የምናወጣው።» ብሎ ወደ ሐኪሞቹ ሄደ።

ሲ ሙኽታር ረጅም ጊዜ ሩሽዲን ተመለከቱት።

«ሰዉ ምን እንዳለህ ሰምቻለሁ። እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የምለው፤ ምን ልሸሽግህ። አጎትህን ያለ ሻይ የመለስኩ ክፉ ሽማግሌ ነኝ።» እጁን ሳቡና የኤምናን እጅ አምጥተው በላዩ አስቀመጡ። «ባዶ ቤት ያላት ልጅ ናት ከዛሬ ጀምሮ። ከፈለግካት ያንተ ናት። ነገ አጎትህን ይዘህ ና፤ ሻዩን እኔ ራሴ አፈላለሁ።»

ኤምና እያለቀሰች ሳቀች። ሩሽዲ ጣቷ መዳፉ ላይ ሲሞቅ ተሰማው። የተመኘው ሁሉ፣ ስሙም ክብሩም ልጅቱም፣ በአንድ ቃል እጁ ገብቷል። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅበት፤ ካርዱ ይመሰክርለታል፣ አለቃው ይመሰክርለታል። በነጩ በር ሥር የመድኃኒት ሽታ ይወጣል።

እጁን አወጣ።

ኤምና ደነገጠች። መጀመሪያ አልገባትም፤ ከዚያ ፊቷ ቀስ በቀስ ቀላ። «አመድ ስለሆንን ነው?» አለች። ድምፅዋ ቀጠነ። «ጨርቁም ቤቱም ስላለቀ ነው? እሱን ነበር እንዴ ስትወድ የነበረው?»

«ኧረ ኤምና!»

«ታዲያ ምንድን ነው? ሰው ሁሉ አትመኚው ሲለኝ ቁልፉን ይዤ የሮጥኩት እኮ አምኜህ ነው! ንገረኝ!»

ከዚህ በላይ መሸሽ አልቻለም። የወደዳት ሰው ገንዘብ አይቶ ጥሏት ሄደ ብላ ከምትኖር፣ ማንነቱን አውቃ ብትጠላው ይሻላል አለ በልቡ።

«ካርዱ ውሸት ነው። ሲ ሙኽታር፣ ይስሙኝ። ስድስት ወር ውሃውን አላፈሰስኩትም። አምስት ባር ቆሞ አይቼ፣ ሲፈስ አራት ነው ብዬ ከራሴ ጻፍኩ። አንድ ቀን እንኳ ከፍቼ ለቅቄው ቢሆን ቫልቩ መታሰሩን አውቅ ነበር። ቱቦ ጠጋኞቹ ዛሬ ይሁን ከአምስት ወር በፊት ይዝጉት አላውቅም፤ ላለማወቄ ተጠያቂው እኔ ነኝ። ፈቲ እዚያ የተኛው በእኔ ነው።»

ኤምና ግድግዳውን ተደግፋ ነበር፤ ቀስ እያለች ተንሸራትታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ከእሱ የባሰ ነው የደነገጠችው፤ እሱ ያላለውን ስለሰማች።

«ለምን እንዳላፈሰስከው አልነገርካቸውም» አለች በሹክሹክታ።

«እሱ ምንም አይለውጥም።»

«ይለውጣል።» ወደ አባቷ ዞረች። «አባዬ፣ አታፍስሰው ብዬ የጻፍኩለት እኔ ነኝ። የውሃ ድምፅ ሰምተህ እንዳትወጣ። መስኮት ላይ ቆሜ እንዳየው። በገዛ እጄ ጽፌ በዘንቢል አወረድኩለት።»

ሩሽዲ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚህ ሊያድናት ነበር ዝም ያለው። ሽማግሌው እንደሚጮኹ፣ እንደሚሰድቡት፣ እሷንም ከፊታቸው እንደሚያባርሯት ጠበቀ። ሲ ሙኽታር ግን የተለበለበ እጃቸውን አገላብጠው እያዩ ነበር።

«አርባ ዓመት ጨርቅ ሸጥኩ» አሉ በመጨረሻ። «ለማንም አንዲት ስንዝር አጉድዬ አልለካሁም። አንተ የሰው ነፍስ አጉድለህ ለካህ።» ቀጥሎ የወጣው ድምፅ ግን የሚቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም። «እኔስ? ለአንድ ጥቅል ሐር ብዬ ነው እኮ በውሃ ላይ የጮህኩት። ልጄ እስክትፈራኝ ድረስ።»

ብርድ ልብሱን ሰብስበው ተነሱ። «የሰጠሁትን ቃል አላጥፍም፤ አሁን ግን ቃሉ የእኔ አይደለም። እዚያ ውስጥ ያለው ሰው እኔን በገዛ ገላው ሸፍኗል። እሱ አውቆ፣ በአፉ ይሁን ካላለ፣ ሰርግ የሚባል ነገር በቤቴ አይነሳም። እሱ እምቢ ካለ እምቢ ነው።»

ነጩ በር ተከፈተና ነርሷ አንገቷን ብቅ አደረገች። «ሩሽዲ ማነው? ነቅቷል፤ እየጠራህ ነው።»

ሩሽዲ ተነሳ። ኤምና ከወለሉ ተነስታ፣ እያነከሰች፣ ቀድማው በሩ ጋ ደረሰች። «ብቻህን አትገባም» አለችው።

ፈቲ በሆዱ ተኝቷል። ሁለት እጁ እስከ ክርኑ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ የሚታየው አንድ ጉንጩና አንድ ዓይኑ ነው። ሲያያቸው ዓይኑ ሳቀ።

«መጣህ? ስማ፣ ሽማግሌው ጭሱ ውስጥ ምን ሲሉኝ ነበር መሰለህ? ውሃው ሲቆም ‹አለቀልን› አሉኝ። ‹አይዞዎት፣ ፓምፑ ላይ ያለው ሩሽዲ ነው፣ እሱ ካለ ይመጣል› አልኳቸው።» ትንፋሹ አጠረው። «መጣም። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ጥዬ ነበር የምወርደው። አንተ ስለሆንክ ጠበቅኩ።»

ሩሽዲ አልጋው አጠገብ ተንበረከከ። ከጠዋት ጀምሮ ያልመጣለት እንባ መጣ። እያለቀሰ፣ አንዱንም ሳያስቀር ነገረው፤ ካርዱን፣ አራቱን፣ ስድስቱን ወር። ኤምና ከጀርባው ቆማ ስለ ወረቀቱ ተናገረች። ፈቲ አላቋረጣቸውም። ሳቁ ከዓይኑ ላይ ቀስ ብሎ ሲጠፋ ሁለቱም አዩት።

ሲጨርሱ ፈቲ ዓይኑን ጨፈነ። መዞር ስለማይችል ፊቱ እነሱው ላይ እንዳለ ቀረ። ከጨፈነው ዓይኑ እንባ ወርዶ አፍንጫውን ሲያሳክከው የሚጠርግበት እጅ አልነበረውም።

ኤምና በሻሿ ጫፍ ጠረገችለት። እምቢ አላላትም፤ እሺም አላላትም። ወንበር ስባ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች።

«እንጠብቃለን፣ ወንድም ፈቲ» አለችው። «ዓመትም ቢሆን። እምቢ ልትለንም ቢሆን።»

ሩሽዲ ቀና ብሎ አያት። ያቺን መስኮት ላይ የሚያያትን ልጅ ሳይሆን፣ ፀጉሯ ጭስ ጭስ የሚሸተውን፣ ጥፍሯ የተነሳውን፣ ጥፋቱን ግማሽ አንስታ የተሸከመችውን ይህችን ሴት። እንደዚህ ወድዷት አያውቅም፤ እንደዚህም አፍሮ አያውቅም። ከጎኗ ወለሉ ላይ ተቀመጠና የፈቲን ትንፋሽ ያዳምጥ ጀመር።